ጉቶው ማን ነው፣ ማገዶውስ?

ትምህርት ቤት ሳለን ተለዋጭ ዘይቤን የተማርነው በግጥም ክፍለ ጊዜ ስለነበር፣ ለብዙ ዓመታት የማየው እንደ ቃል ጌጥ ብቻ ነበር። ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና የለውጥ ሥራ ላይ ከተመደብኩ በኋላ ግን ነገሩ ከጌጥ እንደሚያልፍ ቀስ በቀስ ገባኝ። ለውጥ በመመሪያ ተጽፎ ከመምጣቱ አስቀድሞ በምስል ይመጣል፤ ምስሉም መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሆነ፣ ሠራተኛው በውስጡ የት እንደሚቆም፣ መሪው በእጁ ምን እንደያዘ ማንም ሳይወያይበት ወስኖ ይቀመጣል።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቢፒአር፣ በአማርኛው መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ ይዞት የመጣው የመሐንዲስን ምስል ነበር። አሜሪካዊው ማይክል ሀመር እ.ኤ.አ. በ1990 ሐሳቡን ሲያስተዋውቅ የተከራከረው አሮጌውን አሠራር በኮምፒዩተር ከማፋጠን ይልቅ አፍርሶ እንደ አዲስ መንደፍ ይሻላል ብሎ ነው። ጥቅም አልነበረውም ማለት ውለታ ቢስነት ይሆንብኛል፤ ዘጠኝ ፊርማ ይጠይቅ የነበረ አንድ ደብዳቤ በሦስት ፊርማ ማለቅ የጀመረው ያኔ ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ማሽን ከሆነ ሠራተኛው ጥርስ መሆኑ ነው፤ ጥርስ ደግሞ ይገጠማል ወይም ይወጣል እንጂ አስተያየት አይጠየቅም። በዚያን ሰሞን በአዳራሹ የሰፈነውን ዝምታ አሁን ሳስበው፣ ሰው ለውጥን ስለጠላ ሳይሆን ምስሉ አፍ ስላልሰጠው የመጣ ይመስለኛል።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን የለውጥ ሠራዊት ግንባታ መጣ፤ አንድ ለአምስትም ተደራጀን። ሠራዊት ግን ያለ ጠላት አይቆምም። ጠላቱ በሰነድ ላይ የተጻፈው መጥፎ አሠራር ቢሆንም፣ በስብሰባ ላይ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው የየትኛው ወገን ነው ተብሎ መታየቱ አልቀረም። ከዚህ ምስል ብዙ የተማርኩት ነገር የለም።

በሥልጠና ላይ ደጋግመው ያስተማሩን የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበውን፣ አሠራርን እንደ በረዶ ማቅለጥ፣ መለወጥና መልሶ ማርጋት የሚለውን የሦስት ደረጃ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም እንደ ጅማ ዝናብ በማያጣው አገር በረዶ ማለት ከሰማይ ወርዶ አዝመራ የሚመታ ነገር እንጂ ቀልጦ በሌላ ቅርጽ የሚጋገር ነገር አይደለም፤ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሰዎች ማስታወሻ ይዘን ወጣን፣ ምስሉ ግን ከአዳራሹ አብሮን አልወጣም። ይልቅ የጠቀመኝ የድርጅት ጥናት ምሁሩ ጋሬዝ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳየው ነገር ነው፦ ድርጅትን እንደ ማሽን፣ እንደ ሕያው ፍጥረት፣ እንደ አንጎል፣ እንደ ባህል፣ እንደ ፖለቲካ መድረክ፣ ሌላው ቀርቶ እንደ እስር ቤት ማየት ይቻላል፤ እያንዳንዱም አንዱን ገጽ ሲያሳይ ሌላውን ይጋርዳል።

ስለዚህ የመዝገብ ቤቱንና የሌሎች ሁለት ክፍሎችን አሠራር አንድ ላይ የማዋሐድ ሥራ ሲሰጠን፣ ምስሉን ከሩቅ ከመዋስ ከአካባቢያችን ላምጣ ብዬ ቡናን መረጥኩ። አጋሮ አጠገብ የአጎቴ ማሳ አለ፤ ያረጀ ቡና እንዴት እንደሚጎነደል ከልጅነቴ አውቃለሁ። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ውኃ እንዳያቁርና እንዳይበሰብስ ቁርጡ ሰያፍ ይሆናል። ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይፈነዳል፤ ገበሬው ጠንካሮቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርቶ ሌሎቹን ይቀነጥሳል። ሥሩ አሮጌ ስለሆነ እንደ ችግኝ ከመጀመሪያው መነሳት አያስፈልግም። ይሁንና የተጎነደለ ቡና ሁለት ዓመት ያህል እዚህ ግባ የሚባል ምርት አይሰጥም፤ ለዚህ ነው አስተዋይ ገበሬ ማሳውን በሙሉ በአንድ ዓመት የማይጎነድለው፣ በተጎነደለው መካከልም ቦሎቄ የሚዘራው።

ይህን ሁሉ በስብሰባው ላይ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየቀላቀልን፣ በኩራት ተናገርኩ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እኔም ቡና ጎንድዬ አውቃለሁ» አሉኝ። «ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የተቆረጠው ግን ማገዶ ነው። እስቲ ንገረን፣ ከእኛ ውስጥ ጉቶው ማን ነው፣ ማገዶውስ ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ማሽኑ ጥርስ ያን ያህል ሳማርር የኖርኩ ሰው፣ መጋዙን ራሴ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ቡናው መናገር ስለማይችል ምስሉ ለእኔ ምቹ ሆኖ ነበር እንጂ። «እትዬ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተዘጋጅቼ እመጣለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ከሥራ እንደማይፈናቀል ከኃላፊው በጽሑፍ ይዤ ቀረብኩ፤ የሚቆረጠው የሥራ ቅብብሎሽ እንጂ ሰው እንዳልሆነም ዘርዝረን ጻፍን። ምስሉን ግን ሙሉ በሙሉ አልጣልነውም፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ያልነገሩንን አንድ ነገር ነግሮናል፣ ምርት የማይገኝበትን ጊዜ። ቀድሞ የነበሩት ዕቅዶቻችን በሙሉ ለውጡ በተጀመረበት ሩብ ዓመት አፈጻጸሙ ከፍ ይላል ብለው ነበር የሚያሰሉት፤ አሁን ግን መጀመሪያ አንዱን ክፍል ብቻ ወስደን፣ የዚያን ክፍል የዓመት ግብ ዝቅ አድርገን፣ ሌሎቹ ክፍሎች በነባሩ አሠራር እንዲቀጥሉ አደረግን። ለኃላፊው ዝቅ ያለ ግብ ማስፈረም ቀላል አልነበረም። እሱም የቡና ገበሬ ልጅ ባይሆን ኖሮ የሚሳካልኝ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ስያሜ በሰማሁ ቁጥር በምስሉ ውስጥ ማን የት እንደቆመ እፈልጋለሁ። በ2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲጀመር ስሙ ደስ አሰኝቶኛል፤ ተገልጋዩ ከቢሮ ወደ ቢሮ ከመንከራተት በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣል ማለት ነውና። ሆኖም እንጀራው በመሶብ ከመቅረቡ በፊት በጭስ ውስጥ ቆሞ የሚጋግረው ሰው በምስሉ ውስጥ አይታይም። የጓዳው ሠራተኛ ኮምፒዩተሩ ሲቆም፣ መረጃው ሳይሟላ ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ከገበታው ዙሪያ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

የእኛ ጉንደላ ግን ከእጄ ወጥቷል። በዕቅድ ሰነዱ ላይ ቃሉ አንድ ጊዜ እንኳን ባይጻፍም፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ዝውውር የደረሰው ሰው ሁሉ «ተጎነደልክ እንዴ?» ይባላል፤ አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣም «ቀንበጡ ገባ» ይላሉ። እትዬ ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ ቡና ስንጠጣ፣ የጡረታ ደብዳቤያቸው መድረሱን የነገሩኝ በዚሁ ቋንቋ ነው፦ «ማገዶው ደርሷል፣ ልጄ፤ ረከቦቱን አቅርብ።»