ቅበላ ታቅፋለች፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ

ቅበላ የዶሮዋ ስም ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ለቅበላ ልትታረድ ነበር የተገዛችው። አባዬ ቢላውን እየሳለ ሳለ ሹልክ ብላ ማድ ቤት ገባችና እንቁላል ጣለች። እማዬ እንቁላሉን በመዳፏ ይዛ ወጣች። ገና ይሞቃል።

«የምትጥል ዶሮ አላሳርድም» አለች።

እኛ ቤት እማዬ አላሳርድም ካለች ይግባኝ የለም። የዚያን ዕለት ቅበላችንን ከሉካንዳ በመጣ ሥጋ ተወጣነው። ዶሮዋም ነፍሷንና ስሟን ይዛ ቀረች።

ለዶሮ ከሁዳዴ የሚመች ወቅት የለም። 55 ቀን ሙሉ እንቁላሏን ዓይቶ ምራቁን የሚውጥ እንጂ የሚጠብስ የለም። ቅበላም ቀን እየዘለለች እየጣለች፣ ከምጣዱ ጎን ያለውን የእማዬን እንቅብ ሞላችው። አንድ ጠዋት ታዲያ እላዩ ላይ ተቀመጠችና አልነሳም አለች። እጄን ሳስጠጋ ላባዋን ነፍታ እጥፍ አከለች። ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ የዶሮ አልነበረም። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ለምክር እትዬ ተጠሩ። እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ ኮተቤ ላይ የእሳቸውን ያህል ዶሮ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከበሩ ላይ ሆነው አንዴ ዓይተው «ታቅፋለች» አሉ። «ካልፈለጋችሁ ውሃ ንከሯት፣ ወይ አፍንጫዋ ላይ ላባ ሰክታችሁ አስተዋት።»

እማዬ ደረቷን ያዘች።

«ከፈለጋችሁ ደግሞ ትኩስ እንቁላል አስታቅፏት። ይሄ የሰነበተው ግም ነው የሚሆነው። አውራ ያየው ይሁን ታዲያ።»

ተላላኪው እኔ ነኝ። ሱቅ ሄጄ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አውራ ያየው እንቁላል አለ?» አልኩ።

«ምን ያየው?»

«አውራ ዶሮ።»

ባለሱቁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወዳጄ፣ እኔ እንቁላል ነው የምሸጠው፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት አይደለም።»

ሱቁ ደጃፍ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ግን እውነቱን ነው። የሱቁ እንቁላል ከዶሮ እርባታ ነው የሚመጣው። እዚያ ያሉት የፈረንጅ ዶሮዎች አውራ ሳያዩ ይጥላሉ፤ መታቀፍም ከዘራቸው እየተመረጠ ወጥቶላቸዋል። እንቁላላቸውን ዓመት ብትታቀፈው እንቁላል ነው።

በመጨረሻ እንቁላሉን የሰጡን ራሳቸው እትዬ ናቸው። አባትየውን መላው ሰፈር ያውቀዋል፦ ሻምበል። ቀይ ነው፣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፣ አጥር የሚባል ነገር አያውቅም። በየግቢው እየዞረ አድሮ ንጋት ላይ ጮኾ ሁላችንንም ይቀሰቅሰናል። ቅበላ ጋም ሲመላለስ ስለነበር፣ ከራሷም እንቁላል ትኩስ ትኩሱ ተመርጦ ተጨመረ። እትዬ ቆጠሩና 13 ላይ አቆሙን። «ጎዶሎ ካልሆነ አይሆንም» አሉ። ዶሮዋ መቁጠር የት እንደተማረች አልጠየቅኳቸውም። ማታ በጨለማ፣ ቀስ ብለው አንድ በአንድ ከሆዷ ሥር አስገቡላት። እሷም በምንቃሯ እየሳበች አስተካከለቻቸው።

አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራ አጥቶ ነበር፤ ሥራ አገኘ። የግድግዳውን ካላንደር አውርዶ 21 ቀን ቆጠረና አንድ ቀን ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከበበ። ስቅለት ላይ ዋለ። «ጾሙን ከእኛ እኩል ልትፈታ ነው» አለ በኩራት።

ችግሩ እንቅቡ ነው። ከምጣዱ ጎን ነው ያለው። እትዬ ደግሞ «ከቦታዋ ካነሳችኋት ትተወዋለች» ብለዋል። ስለዚህ ማድ ቤታችን የቅበላ ሆነ። ለመግባት በር ላይ ቆሞ መሳል ያስፈልጋል። ድስት ማንኳኳት ክልክል ነው። እማዬ የሱቅ እንጀራ «ጨርቅ ነው» የምትል ሴት ናት፣ ስለዚህ መጋገሯን አልተወችም። የጋገረችበትን ቀን ግን መቼም አልረሳውም። በግራ እጇ የዘረጋችውን ጃንጥላ እንደ ጋሻ ወደ እንቅቡ አዙራ ይዛለች፣ በቀኝ እጇ ሊጥ ታዞራለች። ቅበላ ከጃንጥላው ጀርባ ሆና ቋ! ቋ! እያለች ጨርቁን ትወቅጣለች። የእንጀራው ዓይን የተሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነበር። ሳንተነፍስ በላነው።

ቅበላ በቀን አንዴ ትነሳለች። አባዬ ሰዓቱን ይይዝላታል። ትሮጣለች፣ ትጎርሳለች፣ ትጠጣለች፣ አፈር ላይ ተንደባልላ ትታጠባለች፤ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተመልሳለች። እንግዲህ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይዛው የቆየችውን ነገር ደግሞ ትለቃለች። ምግብ እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ይቅርታ። መጠኑ የዶሮ አይደለም። ሽታው አጥር ይሻገራል። ሁልጊዜም ደግሞ በረንዳው ላይ፣ የእኔ ጫማ አጠገብ።

በሳምንቱ መብራት ጠፋ። አባዬ «ጥሩ አጋጣሚ ነው» ብሎ ስልኬን ተቀበለኝ። አንድ እንቁላል ከሥሯ ሰርቆ (እጁ ላይ ሁለት ቦታ ተነክሷል) የስልኩን ባትሪ ከታቹ አበራበት። እንቁላሉ በብርቱካንማ ብርሃን ሞላ። መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፤ ከእሷ ዙሪያ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። ነጥቧ ንቅንቅ አለች። እማዬ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። አባዬ መብራት እስኪመጣ ሳይጠብቅ ሁሉንም አየ። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። በማግስቱ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያስረዳ የወለደው እሱ ነበር የሚመስለው።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እትዬ ጉልባን ይዘውልን መጡ። እግረ መንገዳቸውን እንቅቡ ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው ፈገግ አሉ። ከእንቁላሉ ውስጥ ጪው ጪው ይላል፤ ቅበላም ቀስ ብላ ትመልስለታለች። «ሲሰነጠቅ ልርዳው ብላችሁ በጥፍራችሁ እንዳትነካኩት፤ ይደማል» ብለው አስጠነቀቁ። እሳቸው አክፋይ ናቸው፤ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ አይቀምሱም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያድሩት። «ሻምበልን ጥሬ ወርውሩለት» ብለውን ሄዱ።

ስቅለት ሰግጄ ስመለስ ጉልበቴ የራሴ አልነበረም። አባዬ ካላንደሩን እያወዛወዘ በር ላይ ጠበቀኝ። አንደኛው እንቁላል ተሸንቁሯል። በቀዳዳው ውስጥ ምንቃር ይታያል፤ ጫፉ ላይ የሩዝ ስባሪ የማታክል ነጭ ሹል ነገር አለች። ቅርፊቱን የሚሰብረው በእሷ ነው፤ ሥራዋን ስትጨርስ በቀናት ውስጥ ትረግፋለች። አንዴ ይመታል፣ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። እማዬ ጥፍሯን እያሻሸች ትቁነጠነጣለች። አባዬ እጇን ይዟታል። እስኪመሽ 4 ጫጩት ወጣ፤ እርጥብ፣ አንገታቸውን መሸከም ያቃታቸው።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። የበዓሉ ዶሮ ቀደም ብሎ ተገዝቶ ማድ ቤቱ በር ላይ ታስሮ ነበር። ቀይ አውራ፤ እማዬ ለፋሲካ ከቀይ ሌላ አታስገባም። እግሩን ያሰረችው በአሮጌ ነጠላ ጥለት፣ አረንጓዴ ነው። ይሄ ምስኪን የጫጩት ድምፅ ሲሰማ አንገቱን አስግጎ ወደ እንቅቡ ሊያይ ሞከረ። ቅበላ ተወረወረች። ላባ፣ ጩኸት፣ የተገለበጠ ሽሮ። አውራው ጥለቱን ከምሰሶው በጥሶ አጥሩ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

«አይዟችሁ» አለ አባዬ። «ዶሮ በጨለማ አያይም። የትም አይደርስም፣ ተኝቶ እንለቅመዋለን።»

ሊነጋጋ ሲል ወጣን። እኔ ባትሪ ያዥ ብቻ ነኝ፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ሮቶው ላይ ቀይ አውራ ዶሮ ተኝቷል። አባዬ ያለ ምንም ግብግብ እቅፍ አድርጎ አወረደው።

«ጥለቱስ?» አልኩ።

«በጥሶታላ!»

እማዬ በክንፉ ይዛ መዘነችው። «ከትናንትናው አልከበደም?»

«በዓል ነው፣ ይባርካል» አለ አባዬ። አረደው።

ቅዳሜ ቀኑ በሽንኩርት አለፈ። እማዬ ወጡን እያማሰለች አንድ ሁለቴ ቀና ብላ «ሻምበል ዛሬ ምነው ዝም አለ?» አለች።

«እሱም አክፍሎ ነው» አለ አባዬ።

እሑድ ጠዋት እትዬ ግንባራቸው ላይ ቄጤማ እንደታሰረ መጡ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ቤታቸው ሳይገቡ ነው በቀጥታ የመጡት፤ ሁሌም ጾማቸውን እኛ ጋ ነው የሚፈቱት። እማዬ መላላጫውን አወጣችላቸው። ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እጅሽ ይባረክ! ዶሮው ግን ጎበዝ ነው፣ ከየት ነው የገዛችሁት?»

ቅበላ 9 ጫጩቶቿን አስከትላ በረንዳው ላይ ወጣች። እትዬ አጥንቱን እንደያዙ ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። «አባታቸውን ቁርጥ!» አሉ። «ታዲያ ፈንግል ሳይገባባቸው አስከትቧቸው።»

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ቀይ አውራ ዶሮ ገባ። እግሩ ላይ አረንጓዴ ጥለት ይጎተታል። በረንዳው ሥር ቆሞ አየን። እኛም አየነው። አባዬ ክው አለ፤ ጉርሻው ከአፉ ደጃፍ ቆሟል።

«ይሄ ማነው?» አሉ እትዬ።

«የ... የበዓሉ ዶሮ ነው» አለ አባዬ።

እትዬ ሳህናቸውን አዩ። አባዬን አዩ። «ታዲያ እዚህ ያለው ማነው?»

መልስ የሰጠ የለም። ቅበላ ብቻ ጥሬ እየጫረች ልጆቿን ትጠራለች።

እትዬ የያዙትን አጥንት ዞር ዞር አድርገው ተመለከቱት። ያለቅሳሉ ብዬ መሶቡን ሸሸት አደረግኩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው! ሳቃቸው አልቆም ብሎ እማዬ ጀርባቸውን መታች፣ ውሃ ሰጠች።

እንባቸውን ጠርገው ወደ ድርድር ገቡ። ባለ ጥለቱን ዛሬውኑ ይወስዳሉ። ከጫጩቶቹም 2 ቄብ።

«እትዬ፣ ቄብ ይሁኑ አውራ እኮ ገና አይታወቅም» አለ አባዬ በትንሽ ድምፅ።

«ሲታወቅ እመጣለሁ» አሉና ሳህናቸውን ወደ እማዬ ዘረጉ። «አሁን ፈረሰኛውን አምጪ።»

እማዬ አባዬን በስርቆሽ አየችው። ፈረሰኛው ከጥንት ጀምሮ የእሱ ነው፤ ፊት ለፊቱ ቀርቦለታል። «እትዬ፣ ፈረሰኛ እኮ ለባለቤት ነው» አለች።

«እኔስ ምን አልኩ? የዶሮው ባለቤት እኔ ነኝ!»

አባዬ ፈረሰኛውን በሁለት እጁ አቀበላቸው።