ማሳውን እይ

መስከረም 15፣ ሐይቅ፣ ማታ

እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፣ ቤንዚኑ ግን አልለቅ አለ። ለራት የበላሁት እንጀራውም ወጡም ቤንዚን ቤንዚን እያለኝ ነው።

የመጣሁት ለእረፍት ነበር። አምስት ቀን ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ አሳ ልበላ፣ ስልኬን አጥፍቼ ልተኛ። የአጎቴ የእንግዳ ማረፊያ ለዚህ ይመቻል። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወጣ ያለ ነው፤ ከበረንዳው ላይ ሆኖ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደን ባሻገር ይታያል። ታዲያ ገና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ጋሼ "ኢንጂነሩ መጣ!" ብለው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ኢንጂነር አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ለጋሼ ግን ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የኔ ሙያ ነው።

ጓሮ የምትጠብቀኝ "ትራክተሯ" ነበረች። እውነተኛ ትራክተር እንኳ አይደለችም፤ እንደ መኪና ተቀምጠው የሚነዷት የሳር ማጨጃ ናት። ልጃቸው ናት አሜሪካ ሆና አሮጌ ገዝታ በኮንቴይነር፣ በጅቡቲ በኩል የላከችላቸው። ከግንቦት ጀምሮ አልተነካችም፤ ክረምቱን በላስቲክ ተሸፍና ቆርቆሮ ሥር ከረመች። ሳሩ በበኩሉ ዝናቡን ጠጥቶ ጉልበት ደርሷል። መስከረም 21 ደግሞ ግሸን ማርያም ናት፤ ከንግሡ ሲመለሱ ጎራ የሚሉ እንግዶች ክፍል ይዘዋል።

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ምላጩን የሚያስነሳው ማንሻ ማጥፊያው ላይ መሆኑን አየሁ። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ ቁልፍ ቢያዞሩም ትንፍሽ አትልም፤ ሲሠሯት እንዲያ አድርገው ነው። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና።

"ባትሪዋ ሞቷል" አልኩ። እንዴት ባለ ድምፅ እንዳልኩት ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። የግቢው ልጅ፣ ጋሼ፣ ሳሩን እያየች የቆመችው ጎረቤት፣ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ደሴ ወጣሁ፣ አዲስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ገዛሁ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌው ተመለስኩ። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

ገጠምኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ።

ጋሼ ምንም አላሉም። "አቦሉ ደርሷል፣ ና ቡና ጠጣ" ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ፣ አባባ፣ የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በፊያት መኪና ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያም አሰብ ሲመላለሱ ነው፤ በ1990 ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። ለእንቁጣጣሽ ደውዬላቸው ስለነበር እስከ ገና ድረስ ለመደወል ሰበብ አልነበረኝም። እንዲህ ነን እኛ። አሁን ግን ሰበብ ተገኘ።

"ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋውና አስነሳ" አሉኝ። አስጠጋሁ። ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ።

"ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?"

"የዛሬ ነው።"

ዝም አሉ። ቀጥለው "ገንዘብ አለህ ማለት ነው" አሉ። ከዚያ፣ "ማሳውን አይተኸዋል?"

"ኧረ አይቼዋለሁ አባባ፣ ሳሩ ጉልበት ደርሷል።"

ሳላቸው እስኪመጣ ሳቁ። ማሳ የሚሉት ለካ የእርሻውን አይደለም። በሹፌርና በመካኒክ ቋንቋ፣ ከጣልያን በተረፈው፣ ማሳ ማለት ከባትሪው ኔጋቲቭ ተነስቶ የመኪናው አካል ላይ የሚታሰረው ገመድ ነው። ሳላቸው ሲለቃቸው እንዲህ አስረዱኝ፦ ቁልፉ ዞሮ ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዙን ወይም የፍሬኑን ማብሪያ ትጠረጥራለህ። አንድ ወፍራም "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው፣ ጋ ነው። እንዲህ እየደጋገመ የሚንጣጣ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩ እየመጣ አልበቃ ብሎታል ማለት ነው። ወይ ምንጩ ደርቋል፣ ወይ ቦዩ ተደፍኗል። ምንጩን ደግሞ አንተ ዛሬ ገዝተኸዋል።

የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተር፣ አልነበረኝም። "እጅ አለህ አይደል?" አሉ። "ልጁ ቁልፉን እያዞረ ይቆይ፣ አንተ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሰው። የሞቀበት ቦታ ነው ሌባው።"

ዳበስኩ። ፖዘቲቩ ቀዝቃዛ። መሀሉ ቀዝቃዛ። ከወንበሩ ሥር ጥቁሩ ገመድ ከብረቱ ጋር የታሰረበት ቡሎን ስደርስ፣ ቡና እንደተቀዳበት ስኒ አቃጠለኝ።

ቡሎኑ የአሜሪካ ነው፣ በኢንች። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነውና የኛ 13 ቁልፍ ይገባለታል፣ ግን ትንሽ ይንቀዋለላል፤ ካልተጠነቀቁ ጠርዙን ይበላዋል። ቀስ ብዬ ፈታሁት። ከሥሩ ዝገት፣ በዝገቱ ላይ ነጭ ዱቄት። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈግኩ፣ አጥብቄ አሰርኩ፣ ከላይ ግራሶ ቀባሁት። አባባ ስልኩን ሳይዘጉ ስለ አሰብ ያወሩልኛል፤ የባሕሩ ጨው እንዴት ባትሪ ላይ ነጭ ሆኖ እንደሚያድር፣ ጠዋት ሻይ የሚፈላበትን ውሃ ቀንሰው እንዴት እንደሚያጥቡት። ይህን ሁሉ ዓመት ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ቁልፉ ሲዞር በዚህ ጊዜ ሞተሪኖው ሙሉ ጉልበቱን አገኘ። እር-እር-እር-እር እያለ አሽከረከረ። ግን አልነሳ አለ።

በቤንዚኑ ላይ ብዙ አልጽፍም። የግንቦቱ ነበር፣ ሽታው ወደ ቫርኒሽ ተለውጧል። ቀዳሁት፣ የካርቡራቶሩን ጽዋ ፈትቼ አጠብኩ፣ አዲስ ሞላሁ። የእጄ ሽታም ከዚያ ነው። አሁንም እምቢ። የቤንዚኑን ዕቃ አርቄ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ በ21 ቁልፍ ፈታሁት፣ ገመዱን መልሼ ሰክቼ አንገቱን ከሞተሩ ብረት አስነካሁት፣ ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አዞረ። ጨለማ። እሳት የሚባል የለም።

እንደገና ደወልኩ። አባባ ትንሽ አሰቡና "ልጄ፣ እኔ ናፍጣ ነው የነዳሁት። ካንዴላ የለውም። ይሄን አላውቅልህም" አሉ። አባቴ ስለ ሞተር "አላውቅም" ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው የራሴ ሙያ ትዝ ያለኝ። ኔትወርክ ሲቋረጥ እኮ ዕቃ አልገዛም፤ መስመሩን እነቅልና ችግሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እለያለሁ። እዚህም መስመር አለ። ብልጭታውን ከሚያመነጨው ማግኔቶ አንዲት ቀጭን ሽቦ ትወጣለች። ይህች ሽቦ የማሽኑን ብረት ስትነካ እሳቱ ይጠፋል፤ ቁልፉ ሞተሩን የሚያጠፋው በዚህ ነው። ሹፌሩ ከወንበሩ ሲነሳ ሞተሩን የሚገድለው የወንበሩ ማብሪያም የሚሠራው በዚችው ሽቦ ነው። ስለዚህ ከምንጯ ነቀልኳት።

ልጁ አዞረ። ጣ! ሰማያዊ ብልጭታ። "በራ!" ብሎ ጮኸ፤ ቀጥሎም "በቃ ዳይሬክት ይሁና፣ እንዲሁ ይነዳ!" አለ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ፈቅዶ ነበር። ሰዓቱ አሥር ሆኗል፣ ርቦኛል። ግን ሽቦዋ ተነቅላ ሞተሩ ቢነሳ በቁልፍ አይጠፋም። ሰው ከላይዋ ቢወድቅ ምላጩ መዞሩን አያቆምም፤ በዚህ ግቢ ደግሞ የጎረቤት ልጆች ኳስ ተከትለው የማይገቡበት ጊዜ የለም። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ "ለጊዜው" ብዬ ያገናኘኋቸው ገመዶች ስንት ዓመት እንደቆዩ እኔ ነኝ የማውቀው። አይሆንም አልኩት።

ሽቦዋን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ወንበሩን ወደ ፊት ስገለብጠው ከሥሩ የአይጥ ጎጆ። ገለባ፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ የተከተከተ የእንግዳ ደረሰኝ። ሽቦዋ በጎጆው መሀል ታልፋለች፤ ልባሷ ግማሽ ስንዝር ያህል ተግጦ መዳቡ ቁልጭ ብሎ ብረቱ ላይ ተጋድሟል። ማሽኗ ክረምቱን ሙሉ "ጠፍተሻል" እየተባለች ነው የከረመችው፣ በአይጥ ትእዛዝ። በናስትሮ ጠቀለልኩት፣ ከብረቱ አርቄ አሰርኩት፣ ነቅዬው የነበረውን ጫፍ ወደ ቦታው መለስኩ።

በሁለተኛው ዙር ነጭ ጭስ ተፍታ ተነሳች። ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሊወጡባት ሲሉ ለመንኳቸው፣ ጋቢውን አስወልቄ አስቀመጥኳቸው። ሲነዷት ፊታቸው የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ነበር።

ጎረቤታችን ግን ደስ አላላትም። እስከ ዛሬ ሳሩን በማጭድ አጭዳ ለላሟ ትወስዳለች፣ ለጋሼ ወተት ታመጣለች። ማሽኗ የምትተፋው ደቃቅ፣ ጭስ ጭስ የሚል ነው። ላሟ አሽትታው ፊቷን አዞረች። ጋሼ አዩ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ከሾላው ወዲያ ያለውን ግማሽ "እሱ ያንቺ ነው" አሏት።

ወደ ማታ ላይ አስነሳኋትና ለአባባ ስልኩን ደቀንኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። "ጥሩ ነው" አሉ። "አሁን አጥፋው፣ ቤንዚን በከንቱ ነው። የሞቀ ሞተር ማንም ያስነሳዋል። ነገ ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ ደውልና አሰማኝ።"