የባሕሩ ዛጎልና የክሊኒኩ ዓሦች

ሥራዬ የዓሣ ገንዳ መንከባከብ ነው። ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ ውሃ እቀይራለሁ፣ ማጣሪያ አጥባለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ አዲስ አበባ ያለ የሕፃናት ክሊኒክ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ኒዮን ቴትራ የሚባሉ 20 ትናንሽ ዓሦች የያዘ ገንዳ አለ። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያዩታል።

ኃላፊዋ ከጅቡቲ ስትመለስ ከባሕር ዳርቻ የለቀመችውን ዛጎልና ነጭ ኮራል (ድንጋይ የመሰለ የባሕር እንስሳ አጽም) በፌስታል ይዛ መጣች። "ገንዳው ውስጥ ብናደርገው አያምርም?" አለችኝ። ያምር ነበር። በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ ደረደርኩት። ከዚያ በላይ አልመረመርኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት ጥበቃው ጋሼ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ዓሦቹ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ቶሎ ድረስ።" ስደርስ 6 ሞተዋል። የቀሩት ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ስለካው ሁሌ 6.6 የሚሆነው ፒኤች 7.8 ደርሷል፤ ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወጣ አሲድነቱ ይቀንሳል። ከብስባሽ የሚወጣው ኬሚካል፣ አሞኒያም አለበት።

ትልቁን ጥምዝ ዛጎል አወጣሁና ባፉ ደፍቼ ነቀነቅኩት። ጥቁር ዝቃጭ ጠብ ጠብ አለ። ሽታው አይጣል ነው! ባለቤቱ ቀንድ አውጣ ለካ ውስጡ በስብሶ ኖሯል። ከሻይ ቤቱ አቼቶ ለምኜ ኮራሉ ላይ ጠብ ሳደርግ ደግሞ ቸስ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

ዛጎልም ኮራልም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ኖራ በሉት። ኒዮን ቴትራ ደግሞ የአማዞን ዓሣ ነው፤ የለመደው ለስላሳና ትንሽ አሲድነት ያለው ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ኖራውን ቀስ እያለ ያሟሟዋል፣ ፒኤቹም ይወጣል። ክፉው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ፣ ካለው አሞኒያ መርዛማው ድርሻ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። የበሰበሰው ቀንድ አውጣ አሞኒያውን አመጣ፣ ኮራሉ አባባሰው። የምሥራቅ አፍሪካው ታንጋኒካ ሐይቅ ዓሦች ቢሆኑ ኮራሉ ባልከፋቸው፤ የሐይቃቸው ውሃ ራሱ ፒኤቹ ከፍ ያለ ነው። ባዶ ዛጎል ቤታቸው የሆነም አሉ።

ሁሉንም አወጣሁ። ውሃውን ግን ባንዴ አልቀየርኩም፣ ድንገተኛ ለውጥም ዓሣ ይገድላል። ለተከታታይ ቀናት ሩብ ሩቡን ቀየርኩ። 14ቱ ተረፉ።

ለኃላፊዋ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳት። ዛጎሎቹን ቀቅዬ አጸዳሁና በደረቁ፣ ገንዳው ጎን ሳህን ላይ አስቀመጥናቸው። ልጆቹ ትልቁን እያነሱ ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል። ጋሼም ጠዋት ጠዋት ዓሦቹን ይቆጥራሉ።