ቻርሊ ለምን ይነክስ ነበር?

ሜሪላንድ ውስጥ ባለቤት ያጡ በቀቀኖች በሚጠለሉበት ቦታ ነው የምሠራው። ብዙዎቹ አርጅተው ነው የሚመጡት። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በደንብ ከተያዘ 40፣ 50 ዓመት ሊኖር ይችላል። ባለቤቱ ይሞታል፣ ወይም መጦሪያ ይገባል። ወፉ ይቀራል።

ቻርሊም እንዲሁ የቀረ ነው። አሜሪካ ከዱር የተያዙ ወፎች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕግ ከማውጣቷ በፊት ከአፍሪካ ከመጡት አንዱ ነው። ከግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ጎድለዋል። መገጣጠሚያውም በአርትራይተስ ደርቋል። ክብደቱ ሁሉ በቀኙ ላይ ስለሚያርፍ የዚያኛው ውስጥ እግር ደግሞ ቆስሏል። ካርዱ ላይ «ይነክሳል» ተብሎ ተጽፎበታል። ሊወስድ የመጣ ሰው ሁሉ ካርዱን ያነብና ወደ ወጣቶቹ ያልፋል። እኔን በጣም ያሳዝነኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጡረታ የወጡ ሐበሻ ነርስ መጡ። ቀጥ ብለው ቻርሊ ጋ ቆሙ።

«እትዬ፣ ይጠንቀቁ፣ ይነክሳል» አልኳቸው።

«የቱ እግሩ ነው የሚያመው ልጄ?»

«ግራው።»

ክንዳቸውን በግራው በኩል፣ ከቆመበት እንጨት እኩል አድርገው አስጠጉለት። ቻርሊ አንገቱን አስግጎ መንቁሩን ከፈተ። እኔ ፎጣ አነሳሁ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። የሹራባቸውን እጅጌ በመንቁሩ ጨምድዶ ያዘ። ከዚያ ተደግፎበት ግራ እግሩን እየጎተተ አሻገረ፣ ቀኙን አስከተለ፣ ክንዳቸው ላይ ቆመ። እጅጌውንም ለቀቀ።

«በሽተኛ ስታነሳ መጀመሪያ የሚይዘው ነገር ስጠው» አሉኝ።

በቀቀን መንቁሩ ሦስተኛ እግሩ ነው። ሲወጣም ሲወርድም ይደገፍበታል። ሰው ግን መንቁር ሲመጣበት እጁን ይሰበስባል፤ እግሩ ደካማ የሆነ ወፍ ያኔ ይወድቃል። ደጋግሞ የወደቀ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ያገኘውን አጥብቆ ይይዛል። ያንን ነው «ይነክሳል» ብለን የጻፍነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የትኛው እግር እንደሚያም እና ክንድ በየት በኩል እንደሚሰጥ ሆኗል።

እትዬ ቻርሊን ለመውሰድ ወሰኑ። ቤታቸው ግን መስተካከል ነበረበት። ከፍ ያለው የሽቦ ቤት ቀርቶ ዝቅ ያለ ተገዛ፣ ቢወድቅ እንዳይጎዳ ወለሉ ላይ ወፍራም ፎጣ ተነጠፈ። እንጨቶቹ በለስላሳ ፋሻ ተጠቀለሉ። ጠፍጣፋ ጣውላም ተጨመረ፤ እግሩን ዘርግቶ የሚያሳርፍበት። ምግቡና ውሃው ሳይንጠላጠል የሚደርስበት ቦታ ተቀመጡ። አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ስለሆነ ከአጠገቡ እንዲርቅ ነገርኳቸው።

ከሁሉም የከበዳቸው የእጣኑ ጉዳይ ነው። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። በጣም የጋለ የቴፍሎን መጥበሻ የሚያወጣው ጋዝማ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድለዋል። «ቡና ያለ እጣን?» ብለው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቡናውን ውጭ ቆልተው፣ እጣኑንም እዚያው አጭሰው ለመግባት ተስማሙ። መጥበሻዎቹንም በብረት ቀየሩ።

በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጋልጠው ክብደቱ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑትና ቁጥሩን ይልኩልኛል። የትናንቱ 430 ግራም ነው። ሐኪሙ የፈለገው ላይ ደርሷል፤ የቀኝ እግሩም ቁስል እየደረቀ ነው።