ሁለቴ ሞክሬ ካልሆነ እጄን አነሳለሁ፤ ህፃን ላይ ላይን መክፈት እንዴት እንደለመድኩ

ነርስ ሆኜ ሀዋሳ ህፃናት ዋርድ ስመደብ ላይን መክፈት፣ ማለትም ፈሳሽ የሚሰጥበትን ቀጭን ፕላስቲክ (ካኑላ) በመርፌ ደም ስር ውስጥ ማስገባት፣ የምችል መስሎኝ ነበር። ተማሪ እያለን ስኪል ላብ (መለማመጃ ክፍል) ውስጥ የፕላስቲክ እጅ ላይ ተለማምደናል፣ አታችመንት፣ ሆስፒታል ለልምምድ ስንወጣ ደግሞ አዋቂ ላይ ብዙ ሰርቻለሁ፣ የወጣት ወንድ ክንድ ላይ እኮ ቬይኑ (ደም ስሩ) ከሩቅ ይታያል፣ ወፍራሙ አረንጓዴው 18 ቁጥር ካኑላ ራሱ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። ህፃን ላይ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ህፃን። እጁ ድቡልቡል ያለ ስለሆነ ከስር ያለው አይታይም፣ ፈሳሽ ስላለቀበት ያለውም ቬይን ተኮማትሯል፣ ደሞ ያለቅሳል ይፈራገጣል፣ እናቱ አጠገብህ ቆማ ታያለች።

ሀምሌ ላይ ነው፣ ናይት ገብቼ ነበር። ክረምት ላይ ተቅማጥ ይበዛል፣ ዋርዱ ሞልቶ አንዳንዱ አልጋ ላይ ሁለት ሁለት ህፃን ነበር የተኛው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ከዶሬ ባፈና በኩል አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን ታቅፋ መጣች። ሲመዘን 7 ኪሎ። አይኑ ጎድጉዷል፣ ሆዱ ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደተጨማደደ ቆየ፣ ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን፣ በማንኪያ ስሞክር መዋጥ አቅቶታል። ኢንተርኑ (ተለማማጅ ሀኪሙ) አየውና ፕላን ሲ፣ የከባድ ድርቀት ህክምና ብሎ ኦርደር ፃፈ፣ ሪንገር የሚባለው የደም ስር ፈሳሽ በኪሎ 30 ሚሊ በ1 ሰዓት፣ ከዛ በኪሎ 70 ሚሊ በ5 ሰዓት።

ቀጭኗን ቢጫ 24 ቁጥር ካኑላ ይዤ ቀኝ እጁ ላይ ወጋሁ፣ የለም። ግራ እጁ ላይ ትንሽ ደም ታየችኝና ገፋ ሳደርገው ወዲያው አበጠ። ክርኑ ጋ ሞከርኩ፣ እግሩ ላይ ሞከርኩ፣ አራት ጊዜ ወጋሁት ማለት ነው። እናትየው እስከዛ ዝም ብላ ነበር የምታየው፣ አራተኛው ላይ እጄን ያዘችኝና በተሰባበረ አማርኛ "ሲስተር በቃ፣ ልጄ ደከመ" አለችኝ። እንባዬ መጣ።

ሲኒየሯ ሲስተር ከጎን ያለው ክፍል ውስጥ ነበረች እኮ። ለምን አልጠራኋትም? አዲስ ስለሆንኩ አትችልም እንዳይሉኝ ብዬ፣ በቃ ምክንያቱ ይሄ ነው። ወደ 20 ደቂቃ ያክል የልጁን ጊዜ የወሰድኩት ለራሴ ስም ብዬ ነው፣ ይሄን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስጠራት ሮጣ መጣች። "ስንት ጊዜ?" አለች፣ አራት አልኳት። አልተቆጣችኝም፣ መጀመሪያ ያደረገችው ኢንተርኑን ጠርታ በአፍንጫ ቱቦ እንዲገባለትና ኦአርኤስ እንዲጀመር ነው፣ ላይን እስኪገኝ በኪሎ 20 ሚሊ በሰዓት፣ ለሱ 140 ሚሊ ማለት ነው። እኔ ይሄን በትምህርት አውቀዋለሁ፣ ፈተና ላይ ፅፌዋለሁ፣ ግን በዛ ሰዓት አእምሮዬ ውስጥ መርፌው ብቻ ነበር። ከዛ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክራ ያልተወጋውን እግሩን ጠቀለለችው፣ ወንበር ስባ ቁጭ አለች፣ አይኗን ሌላ ቦታ አድርጋ በጣቷ ብቻ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት ትንሽ ወደ ፊት ያለውን ቦታ ዳሰሰች፣ ደሞ ዳሰሰች። ሳፈነስ የሚባለው ቬይን ያለበት ነው። አንዴ ወጋች፣ ገባ። "ጠብታውን ቁጠሪ" አለችኝ። 210 ሚሊ በ1 ሰዓት፣ 20 ጠብታው 1 ሚሊ በሚሆነው የፈሳሽ ማውረጃ ቱቦ በደቂቃ 70 ጠብታ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ሊነጋጋ ሲል ልጁ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፣ ተመስገን አልኩ።

ጠዋት ስንወጣ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ይዛኝ ሄደች፣ የአሳ ሾርባ እየጠጣን ያለችኝ ነገር ስራዬን ቀየረው። "ጥሪኝ ያልኩሽ ሁለተኛው ላይ ነው፣ አራተኛው ላይ ስትጠሪኝ እኮ የምወጋበትን ቦታ ጨርሰሽብኝ ነው የምመጣው" አለች። እኔ መጥራትን እንደ ሽንፈት ነበር የማየው፣ እሷ ግን ያወራችው ስለ ቦታ ነው። አንድ ህፃን ላይ የሚወጋበት ጥሩ ቦታ የሚቆጠር ነው፣ አንዴ ያበጠ ቬይን ለዛን ቀን አይሰራም፣ ስለዚህ እያንዳንዷ ያልተሳካች ውጋት ከኋላህ የሚመጣውን ሰው እድል ነው የምትበላው።

ከዛ በኋላ ምን አደረግኩ። መጀመሪያ መዳሰስ ተማርኩ። ዋርድ ውስጥ ጊዜ ሲገኝ የጓደኞቼን እጅ ጓንት ቀድጄ አስሬ አይኔን ጨፍኜ እዳስሳለሁ፣ ቬይን ሲነካ ተጫን ሲሉት ተመልሶ ይነሳል፣ ጅማት ግን ይደርቃል፣ አርተሪ (ከልብ ደም የሚያመጣው ስር) ደሞ ይመታል። ህፃን ጭንቅላት ላይ ከሆነ የምትሰሩት ይሄን በጣም ተጠንቀቁ፣ በጣታችሁ ስር የሚመታ ከሆነ አትንኩት። ሁለት ወር ያክል የሷን ናይት እየጠየቅኩ አብሬ ገባሁ፣ እሷ ስትሰራ እጇን ሳይሆን ከመውጋቷ በፊት የምታደርገውን ነበር የማየው። ከመውጋቷ በፊት 5 ደቂቃ ትወስዳለች፣ መውጋቱ 10 ሰከንድ አይሞላም። ፕላስተሩን ቀድማ ቆራርጣ ትደረድራለች፣ ምክንያቱም ብዙ ላይን የሚበላሸው ከገባ በኋላ ፕላስተር ፍለጋ ዘወር ስንል ነው። ልጁን የሚይዝ ሰው ትመርጣለች። መብራት ከጠፋ ስልክ የሚይዝላት ሌላ ሰው ትጠራለች፣ በጥርሷ ነክሳ አትሰራም። እጅና እግሩን ታሞቃለች። ቬይኑን በጥፊ አትመታም፣ ቀስ ብላ ታሻለች እንጂ፣ እኛ ተማሪ ሆነን እንመታው ነበር፣ ልጁን ከማስለቀስ ውጪ ብዙም አይጠቅምም።

ስትወጉ ደሞ ዝቅ አድርጉት፣ ህፃን ላይ ቬይኑ ከቆዳው ብዙ አይርቅም፣ እንደ አዋቂ ቀና አድርጋችሁ ከገባችሁ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ደም ስታዩ አትደሰቱ ገና ነው፣ መርፌው ቀድሞ ገባ እንጂ ፕላስቲኩ ገና ደጅ ነው፣ ትንሽ፣ ሚሊሜትር ያክል ብቻ ገፋ አድርጉና ከዛ መርፌውን ይዛችሁ ፕላስቲኩን አንሸራቱ። እኔ በግራ እጁ ላይ ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። ውስጥ ሆናችሁ ወዲህ ወዲያ መፈለግ ይቅርባችሁ። የወጣውን መርፌ ክዳኑን ልመልስ ብላችሁ እንዳትሞክሩ፣ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ፣ የመርፌ መጣያው ሳጥን ውስጥ።

ከእጅ ጀምሩ፣ ወደ ላይ ሂዱ። ክርን ላይ ጀምራችሁ ካበላሻችሁት ከሱ በታች ያለው እጅ ላይ የምትሰጡት ፈሳሽ በዛው በተበላሸው በኩል ሊወጣ ይችላል። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሁን ዋርዳችን ውስጥ ያለው ስምምነት ሁለቴ ነው። ሁለቴ ሞክሮ ያልሆነለት እጁን ያነሳል፣ ሲኒየርም ይሁን አዲስ። መጀመሪያ ላይ ያልተመቸው ነበር፣ አንድ ልጅ "እኔ ሶስተኛው ላይ ነው የሚገባልኝ" ይል ነበር፣ ግን እሱ ሁለቴ ሞክሮ ሲጠራኝ እኔም በሌላ ቀን ሁለቴ ሞክሬ እሱን ስጠራው ነገሩ ለመደ። ደሞ አንድ ሰው ሁለቴ ሌላው ሁለቴ እያልን እስከ ስምንት አንሄድም። ልጁ ሾክ ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም የደም ዝውውሩ ከደከመ፣ ቶሎ ሀኪሙን መጥራት ነው፣ ቅልጥሙ ላይ አጥንት ውስጥ የሚገባው መርፌ ለዚህ ነው ያለው።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። በጣም የከሳ፣ ከባድ የምግብ እጥረት ያለበት ህፃን ሲመጣ አይኑ ጎድጉዶ ቆዳው ተጨማዶ ታዩትና የደረቀ ይመስላችኋል፣ ክሳቱ ራሱ እንደዛ ያስመስለዋል። ለሱ ፕላን ሲ አይደለም፣ ሾክ ውስጥ እስካልሆነ ድረስ በደም ስር ፈሳሽ አይለቀቅበትም፣ ልቡ አይችለውም፣ በአፍ ወይ በቱቦ ቀስ ተብሎ ነው በሪሶማል፣ ለነዚህ ህፃናት ተብሎ በተዘጋጀው የኦአርኤስ ዓይነት። ስለዚህ ካኑላ ከማንሳታችሁ በፊት ክንዱን በሙዋክ (በክንድ ዙሪያ መለኪያው ጥብጣብ) ለኩት፣ እግሩ አብጦ እንደሆነ እዩ፣ ጥርጣሬ ካላችሁ ኦርደሩን የፃፈውን ሰው መልሳችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ድፍረት ነው ብለው የሚያኮርፉ አሉ፣ ያኩርፉ።

ከገባ በኋላ ያለውም ቀላል አይደለም። የጓንት ካርቶን ቆርጠን በቁስል መጠቅለያ ጨርቅ ጠቅልለን እጁን እናስርበታለን፣ ጣቶቹ ግን ውጪ ይሁኑ፣ ቀለማቸው መታየት አለበት። ናይት ላይ ብዙ ልጅ ስላለ ሁሉንም በየሰዓቱ ማየት ይከብዳል፣ እኔ እናቶቹን አስተምራለሁ፣ "እናቴ እዚህ ጋ ካበጠ ወይ ጠብታው ከቆመ ብተኛም ቀስቅሺኝ" እላለሁ። ሲዳምኛ ብዙ አልችልም፣ ሰላምታውን ኬሬሆ ብዬ ጀምሬ የቀረውን የፅዳት ሰራተኛችን ታስተረጉምልኛለች፣ እሷ ባትኖር ግማሹ ስራችን አይሰራም ነበር። ለእናት ከመውጋታችሁ በፊት ንገሯት፣ "ሁለቴ እሞክራለሁ፣ ካልሆነ ከኔ የተሻለ ሰው እጠራለሁ" ስላት ፊቷ ሲለወጥ አያለሁ፣ መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ነው እናትን የሚያስፈራት። ተቅማጡ ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው ብላ ልጇን ሶስት ቀን ቤት ያቆየችውን እናትም እዛው እያለች አትቆጧት፣ ልጁ ሲሻለው ቁጭ ብላችሁ አስረዷት፣ ያኔ ትሰማለች።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተመደበች ልጅ ናይት አብራኝ ነበረች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መጥታ "ሲስተር ሁለቴ ሞክሬያለሁ፣ ነይልኝ" አለችኝ። ሄድኩ፣ አሞቅኩ፣ ዳሰስኩ፣ ወጋሁ፣ እኔም አልሆነልኝም። አንዱ በቂ ነው ብዬ ያንን ሶስተኛው ላይ ይገባልኛል ይል የነበረውን ልጅ ከአጠገባችን ካለው ክፍል አስጠራሁት፣ እሱ መጥቶ ግራ እግሩ ላይ አገኘው። እሷ ሰዓቷን አውጥታ ጠብታ መቁጠር ጀመረች።