ክቱ ሞልቶ ዘወትሩ ሲጠፋ

ባለፈው ሰሞን ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ሥራ ገባሁ። ጥበቃው ገና በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው እህቴ፣ ደህና?» አለኝ። ቢሮ ስገባ ገንዘብ ያዧ ከወንበሯ ብድግ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ማን ነው?» ብቻ አለችኝ። ማንም አልሞተም። ቀሚሱ ንጹሕ ነበር፣ ተተኩሶ ነበር፣ ልኬ ነበር። ለዚያ ነው የለበስኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ግን ሰው እንዳልሞተብኝ ሳስረዳ ዋልኩ።

ስልኬ ላይ ስለ አለባበስ የሚመክሩ ሴቶች ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ። «አንድ ጥቁር ቀሚስ ይኑርሽ፣ ለሁሉም ቦታ ይሆንሻል።» ሐዋሳ መጥተው ይሞክሩት። እኛ ጋ የጥቁር ቦታው ይታወቃል። አባቴ ያረፈ ጊዜ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሻለሁ። ከሉን ሳወጣ እማዬ «ለሰው ስጪው፣ ቤት ውስጥ አይቀመጥ» አለችኝ። ሹራቦቹን ሰጠሁ። ሻርፑን ሰጠሁ። ይቺን ቀሚስ ግን እጄ እምቢ አለ። ጥጥ ናት። ወገቧ ልክ ነው። ኪስም አላት። ኪስ ያለው ቀሚስ ለሰው አይሰጥም፣ ይቅርታ።

ያን ቀን ማታ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ያለውን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። በብዛት ከሆነ ድሃ አይደለሁም። ግን አንድ በአንድ እያነሳሁ «ይሄ ለምን መጣ?» ስል፣ መልሱ ሁሌም የሆነ ሰው ቀን ነው። አረንጓዴው የአክስቴ ልጅ ሠርግ። ሮዙ የጓደኛዬ መልስ። ነጩ ክርስትና። ያ የሚያብረቀርቀው እህቴ ከዱባይ የላከችው። ተራ ማክሰኞን ብላ የተገዛች ልብስ ፈልጌ አጣሁ። ለማክሰኞ የምለብሳቸው ሁለት ሱሪዎችና ጥቂት ሸሚዞች ናቸው። እነሱም በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ደክመዋል። አንገታቸው ነጣ፣ ክርናቸው ሳሳ። ክቱ ተንጠልጥሎ ያርፋል፣ ዘወትሩ ያልቃል።

የሠርግ ልብስ ነገር ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሙሽሪት ጨርቁን ትመርጣለች፣ እኛ እንገዛለን፣ እናሰፋለን። «ይቅርብኝ» ማለት «ሠርግሽ ግድ አይሰጠኝም» ማለት ስለሆነ ማንም አይልም። ከሠርጉ በኋላ ያንን ልብስ የትም አትለብሱትም። ብትለብሱት ከሰፈሩ ግማሹ ያው ጨርቅ ስላለው «አንቺ፣ የሠርጉን!» ትባላላችሁ። እኔና አንዲት ጓደኛዬ ይሄን በራሳችን መንገድ ፈትተነዋል። የእሷ ዘመድ እኔን አያውቅም፣ የእኔም እሷን። ስለዚህ እንለዋወጣለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔን አድምቆኛል፣ ፎቶውም አለ።

የእህቴ ሻንጣ ግን ይከብዳል። እሷ የምትልክልኝ ከልቧ ነው። ከደመወዟ ቀንሳ፣ በየሱቁ ዞራ፣ ሰው እስኪመጣ አስቀምጣ። ችግሩ ልብሶቹ ለዱባይ የተሰፉ ናቸው። እዚያ ቤቱም ሱቁም መኪናውም ኤሲ ነው። ፖሊስተር ለብሰሽ ብትውይ ላብ የሚባል አታይም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ናት። እንደ አዳማ አታነድም፣ እንደ አዲስ አበባም አታንቀጠቅጥም እያልን እንኮራባታለን። ለአለባበስ ግን ያው መሃል መሆኗ ነው የሚያስቸግረው። ጠዋት ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ይላል። እኩለ ቀን ላይ ከፒያሳ ወደ አቶቴ በእግር ሂዱና ጀርባችሁን አስቡት። ከሰዓት ደግሞ ዝናቡ ድንገት ይወርዳል፣ ማታ ሹራብ ትፈልጋላችሁ። ፖሊስተር ላቡን አይጠጣም፣ ነፋስም እንደ ልብ አያስገባም። ስለዚህ የእህቴ ልብሶች እኔ ላይ እስከ አራት ሰዓት ያምራሉ። ከዚያ በኋላ እኔም እነሱም እንሰቃያለን።

ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየች ልጅ አለች። ሥራዋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ከተማችን ለውጭ አገር ሰው ልብስ ትሰፋለች። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው አንድ ነገር ነው፤ ሸሚዝ ላይ እጅጌ ትገጥማለች። አንገቱ የሌላ ሰው ነው፣ ቁልፉ የሌላ ሰው ነው። ልብሶቹ አልጋው ላይ ተቆልለው እያለ ቡና ልጠራት ስሄድ አብራኝ ገባች። ቀለም አላየችም፣ ሞዴልም አላየችም። አንዱን አንስታ ገለበጠችው።

«እትዬ፣ ልብስ በፊቱ አይታይም» አለችኝ። «በሆዱ ነው የሚታየው።»

ከዚያ አስተማረችኝ። ክሩ የሚወጋበት ርቀት ሰፋ ሰፋ ያለ ከሆነ ስፌቱ ቶሎ ይፈታል። መስመር ያለው ሸሚዝ ከሆነ ደረት ኪሱ ላይ ያለው መስመር ከታችኛው ጋር ገጥሞ እንደሆነ ይታያል፤ ገጥሞ ከሆነ ሰፊው አልቸኮለም። የውስጡ ጠርዝ ተቆርጦ ክሩ ከተንዘረገገ በሁለት አጠባ ይተረተራል። ከአልጋዬ ላይ ሁሉን ገልብጣ ስትጨርስ በደንብ የተሰፋ ነው ያለችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከቦንዳ የገዛሁት አሮጌ ሸሚዝ። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም ደግሞ ከዚያ ክምር አንድ ጥሩ ነገር አውጥተን እናውቃለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ፌስታል ሙሉ ልብስ ይዤ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ ወደሚሰፉት ጋሼ ሄድኩ። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው ያላቸው። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ክብሪት መለኮስ ነው። ደነገጥኩ። ከእያንዳንዱ ልብስ ጠርዝ ትንሽ ክር እየመዘዙ አቃጠሉ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ የሚቀረው አመድ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ዶቃ ይሆናል። «ዶቃ የሆነውን ለማታ አድርጊው፣ አመድ የሆነውን ለቀን» አሉኝ። ብዙ የምክር ቪዲዮ አይቻለሁ፣ እንደዚህ የሚጠቅም አልሰማሁም።

ሁለተኛ ነገር ነገሩኝ። ትከሻና ብብት አይነካም። ትከሻው ያልገጠመ ልብስ ከማሳጠርና ከማጥበብ በላይ ነው፣ እንደ አዲስ ፈቶ መስፋት ይጠይቃል፤ ዋጋም የለውም። ጎንና ርዝመት ግን ቀላል ነው። ቤት የተሰፋ ልብስ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ይተውለታል፣ ስንወፍር ይለቀቃል። የፋብሪካ ልብስ ግን ጨርቅ ቆጥቦ ነው የሚሰፋው፤ ማጥበብ እንጂ ማስፋት የለም። ይሄን ከሰማሁ በኋላ «ስከሳ እለብሰዋለሁ» ብዬ ያስቀመጥኩትን ጂንስ በሰላም ተሰናበትኩት።

አረንጓዴው የሠርግ ቀሚስ ክሩ አመድ ሆነ። ጥጥ! ማን አስቦ? መሬት ይጠርግ የነበረው ከጉልበት በታች እንዲሆን ተቆረጠ። ዳንቴል እጅጌው ወለቀ። ከታች የተረፈው ጨርቅ ወገብ ማሰሪያ ሆነ። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስለብሰው እዚያው ሠርግ ላይ አብራኝ የነበረች ልጅ «አዲስ ነው? ፏ ብለሻል!» አለችኝ። ከየት ገዛሽው ስትለኝ ዝም ብዬ ሳቅኩ። ለጠቅላላው ሥራ የከፈልኩት ከአንድ አዲስ ሸሚዝ ዋጋ ያነሰ ነው።

የሐበሻ ቀሚሱ ግን አከራከረ። በሽማኔ እጅ የተሠራ ፈትል ነው። ለሐዋሳ ቀትር ከዚያ የሚሻል ጨርቅ አላውቅም፤ ቀላል ነው፣ ያስተነፍሳል። እኛ ግን ለበዓል ብለን አስቀምጠን ዓመቱን ሙሉ በሰው ሠራሽ ጨርቅ እንቀቀላለን። ይሄኛው አንድ ዓመት ሐምሌ 19 ለገብርኤል ለብሼው ዝናቡ አግኝቶኝ፣ ጭቃው ጠርዙ ላይ ቀረ። በኦሞም በሎሚም አልለቀቀም። ጋሼ ጭቃ የነካውን ቆርጠው ጥበቡን በጥንቃቄ ፈቱትና ወደ ላይ አምጥተው አጭር ሸሚዝ አደረጉት። ጂንስ ላይ እለብሰዋለሁ። እማዬ እስካሁን አልወደደችውም። «የበዓል ልብስ ይቆረጣል?» አለችኝ ያን ቀን። አሁንም ስለብሰው ሌላ ሌላውን ታያለች እንጂ እሱን አታይም። አልፈርድባትም። እሷ ባደገችበት ቤት ክት ማለት አንድ ነው፣ ያም ተከብሮ ይኖራል።

እና ደግሞ «ሠላሳ ልብስ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን አውጡ» የሚሉትን ምክር አልቀበልም። እኛ ጋ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ስልክ ሲደወል ረጅም ቀሚስና ንጹሕ ነጠላ ዝግጁ መሆን አለበት። ነጠላውን ዘቅዝቄ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ የዚያን ጊዜ «ምን ልልበስ» አይባልም። ቤተ ክርስቲያን የራሱ አለው። ሠርግም። ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ጉዱማሌ ከሲዳማ ጓደኞቼ ጋር ስወጣ እንደ አዘቦት ቀን ለብሼ አልሄድም። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል የማይነኩ፣ በቁጥር ጥቂት፣ ሁሌም ታጥበው የተተኮሱ። በቀኝ በኩል የተረፈው ሁሉ ማክሰኞን ማገልገል አለበት። ካላገለገለ ይወጣል።

ከወጡት መሀል ሮዙ የመልስ ልብስ ነው። ዶቃ ሆኗል፣ ትከሻውም አይገጥምም። ልዋጭ የምትል ሴትዮ በበራችን ስታልፍ ጠራኋት። ገልብጣ አየችው (እሷም!) እና አንድ ጆግ አወጣችልኝ። «ለዚህ አንድ ጆግ?» አልኳት። ሳፋ ጨምሪ፣ አልጨምርም፣ ተባባልን። በመጨረሻ ጆግና ሁለት ኩባያ ሆነ። ያን ልብስ ለማሰፋት ስንት እንዳወጣሁ ሳስብ ጆጉን እንደ ብር ዕቃ ነው የማየው።

ጥቁሯ ቀሚስም በቀኝ በኩል ናት። ቢጫ ሻርፕ ከላይ ሲጣልባት ሰው አይደነግጥም። ገንዘብ ያዧ ራሷ «እንዲህ ነው እንጂ» ብላኛለች። አሁን ገልብጬ ነው የማጥባት፣ ጥላ ውስጥ ነው የማሰጣት። የሐዋሳ ፀሐይ ጥቁርን ወደ ቡኒ ለመቀየር ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም።

የእህቴን ልብሶች ጋሼ ጋ አልወሰድኳቸውም። መቀስ ሳይነካቸው ተቀምጠዋል። ለገና እመጣለሁ ብላለች፤ ራሷ አይታ የሚቆረጠውን ትቁረጥ። ባለፈው እሑድ ኢሞ ላይ ስናወራ እንደምንም ብዬ አወጣሁት። «ከእንግዲህ የሚያብረቀርቅ አትላኪልኝ» አልኳት። «ተቀይመሽ ነው?» አለች። «አይደለም፣ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ከሆነ ነው የምፈልገው። ጠንካራ፣ በደንብ የተሰፋ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«ሸሚዝ? አንቺ፣ ሸሚዝማ እናንተው ጋ አይደል እንዴ የሚሰፋው!»