ስምንት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀር

መስከረም 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ አራስ ሳለች የጡት ሰዓቷን የመዘገብኩበት ደብተር ባለፈው ሳምንት ከቁም ሳጥኑ ሥር ወጣ። የመስከረም 2008 ነው። በየገጹ ያለው ሰዓትና አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ጠባች፣ አስመለሳት፣ ተኛች። መስከረም 10 ከሚለው ሥር ግን እንዲህ ይላል፦ «ሌሊት 11 ሰዓት። አልተኛችም። አቅፌያት ወጣሁ። የአጥቢያ ኮከብ ከጎረቤት ሮቶ በላይ፣ አንድ ስንዝር።»

ሳነበው ደነገጥኩ። ደብተሩ በወጣበት ሰሞን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ውሃ መምጣቱን ለማየት ግቢ ስወጣ፣ ያችኑ ኮከብ ከዚያው ሮቶ በላይ አይቻታለሁ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቷል፤ ዓይን የምትወጋ ነጭ ሆና ቆማለች። በማግስቱ እጄን ዘርግቼ ለካሁት። አንድ ስንዝር።

አጋጣሚ ነው ብዬ ልተወው አልቻልኩም፤ ቀኑን ቆጠርኩ። የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ ናት። በመሬትና በፀሐይ መካከል የምትገባው በአማካይ በየ583.92 ቀኑ ሲሆን፣ ከዚያ ስታልፍ ነው ከምሽት ኮከብነት ወደ አጥቢያ ኮከብነት የምትዞረው። ይህ አምስት ጊዜ ሲደጋገም 2,919.6 ቀን ይሆናል። የእኛ ስምንት ዓመት ደግሞ 2,922 ቀን ነው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ሁለት ጊዜ ሲፈራረቁ፣ ጳጉሜን ሁለት ጊዜ ስድስት ስትሆን ማለት ነው። ልጄ የተወለደችበት 2008 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ 2016ም ዘመነ ዮሐንስ ነው። በ2007 ቬነስ በመካከላችን ያለፈችው ነሐሴ 9 ነበር፤ በ2015 ነሐሴ 7። በየእንቁጣጣሹ «ዘንድሮ ማን ነው?» ስንባባል ኖረናል። ወንጌላውያኑ ሁለቴ በዞሩ ቁጥር ያች ኮከብ ወደ ቦታዋ እንደምትመለስ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከልጄ ጋር ወረቀት ላይ ልናየው ተቀመጥን። በኮምፓስ ሁለት ክብ ሠራን፤ የመሬት ከመሃል 10 ሴንቲ ሜትር፣ የቬነስ 7.2። መሃሉ ፀሐይ ናት፤ በሰማይ ያለውም ርቀታቸው በዚሁ ልክ ነው። መሬት ፀሐይን 8 ጊዜ ስትዞር ቬነስ 13 ጊዜ ያህል ትዞራለች። ስለዚህ በየእርምጃው መሬትን 8 ዲግሪ፣ ቬነስን 13 ዲግሪ እናራምድና ሁለቱን ነጥቦች በማስመሪያ እናገናኛለን። ሙሉው 360 መስመር ነው። እሷ ፕሮትራክተሩን ትይዛለች፣ እኔ አሰምራለሁ፤ ሲሰለቸን እንቀያየራለን።

መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ የተወሳሰበ ክር ነው። 72ኛው መስመር ላይ ሁለቱ እንደገና ከፀሐይ አንድ ወገን ተሰለፉ፤ ግን ከጀመርንበት ቦታ 216 ዲግሪ ርቀው። ከሌላ 72 መስመር በኋላ ደግሞ ሌላ 216 ዲግሪ። እነዚህን አምስት መገናኛዎች በተራቸው ስታያይዛቸው፣ ልጆች እርሳስ ሳያነሱ የሚሠሩት ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል።

እናቴ አጠገባችን ስፌቷን ይዛ ተቀምጣለች። አክርማዋን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ወስፌዋን እንደያዘች፣ ዝም ብላ ስታየን ቆየችና ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ቆጠራ ስተሻል እናቴ» አለቻት። ስለ ዲግሪ አልነገርናትም፤ እሷ ያየችው ክፍተቱን ነው። እውነትም አንድ ነጥብ ዘለን ነበር። ወደ አርባ መስመር አጠፋን። «ስፌትም እንዲሁ ነው፤ አንዷን ከዘለልሽ አበባው ዞሮ አይገጥምም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስንጨርስ መሃሉ ላይ እንደ ቀጋ አበባ ባለ አምስት ቅጠል ሆኖ ተከፍቷል። ልጄ ወረቀቱን አንስታ በመብራት አየችው፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ሳስብ ሰንብቻለሁ። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የፕላኔቶችን ዜማ ሲፈልግ የኖረ ነው። ሳተርን ከፀሐይ አንጻር ስትታይ በፈጣኑና በዝግተኛው ጉዞዋ መካከል ያለው ምጣኔ 5 ለ 4 ያህል መሆኑን አገኘ፤ በሙዚቃ ዶ እና ሚ ማለት ነው። እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ በፊት ያደረገው ነው። የማርስን ጉዞ በክብ ሲያሰላ ሰማይን በዓይኑ ሲለካ ከኖረው ከታይኮ ብራሄ ልኬት ጋር በ8 ደቂቃ ብቻ ተለያየበት፤ አንድ ዲግሪ ስልሳ ደቂቃ ነው። የሚወደውን ክብ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1609 መንገዱ ሞላላ ነው ብሎ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1619 ደግሞ የአንድ ፕላኔት የዙረት ጊዜና ከፀሐይ ያለው ርቀት ከመሬት አንጻር ሲለኩ፣ ጊዜው በራሱ ሲባዛ ከርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር እኩል መሆኑን አወጣ። በስልኬ ሞከርኩት፦ የቬነስ ዓመት ከእኛው 0.615 ነው፣ በራሱ ሲባዛ 0.378፤ ርቀቷ ከእኛው 0.723 ነው፣ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.378።

ይህ ሕግ ነው። የእኛ አበባ ግን ሕግ አይደለም፤ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች 8 ለ 13 መቀራረቡን አጋጣሚ ነው ይላሉ። የጁፒተር ጨረቃዎች አዮ፣ ዩሮፓና ጋኒሜድ 4፣ 2፣ 1 እያሉ የሚዞሩት በስበት እርስ በርስ ተያይዘው ነው፤ መሬትና ቬነስ እንዲህ አልተሳሰሩም። ለልጄም እውነቱን ነገርኳት። አበባው በትክክል አይገጥምም፤ በየስምንት ዓመቱ 2.4 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

አላሳዘናትም። ወረቀታችን ላይ ስንት እንደሚሆን ጠየቀችኝ። አራት ሚሊ ሜትር ያህል ነው አልኳት። ማስመሪያውን ወስዳ፣ 360ኛው መስመር ከመጀመሪያው ጋር ከገጠመበት «ነሐሴ 9፣ 2007» ከሚለው ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ለካች፤ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደረገችና «2015» ብላ ጻፈች። ከዚያ እኔ ሳልነግራት ሌላ አራት ሚሊ ሜትር ለክታ ሁለተኛ ነጥብ አደረገች፤ ከጎኑ «2023፣ እኔ 16 ሊሞላኝ» ብላ ጻፈችበት።